የአባቴን የእንጨት በረንዳ በኮምፒውተር ስዬ ወሰድኩ፤ አናጢው «የማን ቤት ነው?» አለኝ

ባለበረንዳው (ጅማ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

ቤታችን ሂርማታ ነው። ሟቹ አባቴ የሠራው ቤት ነው። ፊት ለፊቱ ከመሬት ከፍ ያለ፣ በጣውላ የተነጠፈ በረንዳ አለው። ርዝመቱ 6.20፣ ወርዱ 2.40 ነው። መሬቱ ተዳፋት ስለሆነ በአንዱ ጫፍ 45 ሳንቲም፣ በሌላው ጫፍ 70 ሳንቲም ከፍታ አለው። አባቴ ከሥራ ሲመለስ ቀጥታ ቤት አይገባም ነበር። በርጩማውን ስቦ እዚያው ይቀመጣል። ቡናውም፣ ሬዲዮውም፣ ጎረቤቱም እዚያው ይመጣለታል።

መስከረም ላይ እማዬ ረከቦቱን ይዛ ስትወጣ አንዱ ጣውላ ከሥሯ ተሰበረ። እግሯ እስከ ጉልበቷ ገባ። እግዜር ይመስገን ከመላላጥ አላለፈም። ሲኒዎቹ ግን አለቁ፤ ከስድስቱ አንዱ ብቻ ተረፈ። ጣውላውን ገልብጬ አየሁት። ከላይ ቀለም የተቀባ ደህና እንጨት ነው። ከሥሩ ግን ምስጥ ጨርሶታል። በአውራ ጣቴ ስጫነው እንደ ደረቀ ዳቦ ረገፈ።

እኔ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ እንጂ አናጢ አይደለሁም። ግን የአባቴ መጋዝ፣ መላጊያና ውሃ ልክ አሁንም ቤት አሉ። ለሠራተኛ የሚጠየቀውን ዋጋ ስሰማ ደግሞ «ራሴ እሠራዋለሁ» አልኩ። መዶሻ ከማንሳቴ በፊት በኮምፒውተር ልሣለው ብዬ ስዊት ሆም 3ዲ የሚባለውን ፕሮግራም ጫንኩ። ነፃ ነው፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ አሮጌው ላፕቶፔም ቻለው።

ሁለት ሳምንት ማታ ማታ ተቀመጥኩበት። ለበረንዳ ተብሎ የተዘጋጀ ነገር አላገኘሁበትም። ከዕቃዎቹ ዝርዝር ውስጥ «ሳጥን» የሚለውን እያወጣሁ፣ ወርዱን፣ ርዝመቱን፣ ቁመቱን እየጻፍኩ አንድ በአንድ ሞራሌ (ጣውላውን ከሥር የሚሸከመው ረጅም እንጨት) እና ጣውላ አደረግኩት። ሞራሌዎቹን በየ60 ሳንቲሙ ደረደርኩ፤ 12 ሞራሌ በቃኝ። ዳር ዳሩን አጥር፣ መሃል ሶፋ፣ ጥግ ላይ የአበባ ማሰሮ። የጠዋት ፀሐይ ስታርፍበት ምን እንደሚመስል ሁሉ በፎቶ አወጣሁት። አምሮ አምሮ ልቤን ወሰደው።

አትሜ አንድ ሽማግሌ አናጢ ዘንድ ይዤው ሄድኩ። መነጽሩን አድርጎ አገላብጦ አየውና ሳቀ። «ቆንጆ ነው። የማን ቤት ነው?» አለኝ። የኛ ነው አልኩት። «እንግዲያ ሄደህ ቤቱን ጠይቀው» ብሎ ወረቀቱን መለሰልኝና ሥራውን ቀጠለ። በቃ። ተናድጄ ወጣሁ።

አሁን እናንተን ልጠይቅ። ችግሩ ፕሮግራሙ ነው? ወደ ስኬችአፕ ልዙር? 60 ሳንቲም ይበቃል? ዩቲዩብ ላይ የማየው ሁሉ የመጀመሪያውን እንጨት ከቤቱ ግድግዳ ጋር በብሎን ነው የሚያስረው፤ እኔም እንደዚያው ነው የሣልኩት። ጥር ሳያልቅ ብጀምር ደስ ይለኛል። ከዚያ በኋላ የጅማ ሰማይ አይታመንም።

ሩብ ካሬ (አዲስ አበባ)

መምህር፣ የእማማ እግር በመትረፉ እግዜር ይመስገን። ሥራዬ ፕላን መሣል ስለሆነ ስለ ፕሮግራሙ ልናገር፤ እንጨቱን ለሚያውቁት እተወዋለሁ።

ፕሮግራም አትቀይር። ስኬችአፕ ጎበዝ ነው፤ ነፃው የሚሠራው ግን በብራውዘር ነው። ኔትወርክ ሲሄድ አንተም ቁጭ ነህ። አንድ ነገሩ ግን ያስቀናል። አንዱን ሞራሌ «ኮምፖነንት» ካደረግከው በኋላ 20 ቦታ ብትገለብጠውም አንዱን ስታስተካክል ሁሉም አብረው ይስተካከላሉ። በስዊት ሆም ግን ሞራሌዎቹን በሙሉ መርጠህ አንድ ላይ ልካቸውን መለወጥ ትችላለህ፤ ለ15 ካሬ በረንዳ ይኼ ይበቃል። ሌላም የማይነገርለት ጥቅም አለው። የዕቃዎቹን ዝርዝር ወደ ኤክሴል በሚከፈት ፋይል ያወጣልሃል። ለእያንዳንዱ ሳጥን «ሞራሌ»፣ «ጣውላ»፣ «ቋሚ» እያልክ ስም ስጠው፤ የግዢ ዝርዝርህ በራሱ ይወጣል።

ሽማግሌው የሳቁበትን የገመትኩ ይመስለኛል። ኮምፒውተር ላይ ጥግ ሁሉ 90 ዲግሪ ነው። የድሮ ቤት ግን እንዲያ አይደለም። አንተ 6.20 በ2.40 ብለህ ጻፍክ፣ እሱም አመነህ። የፊቱን ርዝመት ብቻ ነው የለካኸው ወይስ የኋላውንም? ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍስ? ሁለቱ ሰያፎች እኩል ካልሆኑ ሥዕልህ የሌላ ሰው ቤት ነው። አብሮህ የሚለካ ሰው ከሌለ ሲባጎ ወጥረህ ከጥጉ በአንድ በኩል 3 ሜትር፣ በሌላው... ወርድህ 2.40 ነው ለካ። እንግዲያ ግማሹን ውሰድ፤ 1.50 እና 2 ሜትር ላይ ምልክት አድርግ። በመሃላቸው 2.50 ከመጣ ጥጉ ልክ ነው። ይኼን ላንተ መንገር ለቄስ መጽሐፍ ማስተማር ሆነብኝ መሰል።

እና ሶፋውን አውጣው። ሶፋ ሥዕልን ያሳምራል እንጂ በረንዳ አይሸከምም።

ቱንቢ

ልጄ፣ 38 ዓመት ፎርማን ነበርኩ። ኮምፒውተሩን አላውቀውም፤ ልጄ ናት እያነበበች የምታሳየኝ፣ የምትጽፈውም እሷ ናት።

አንድ ጥያቄ ነው ያለኝ። የቤቱ ግድግዳ ብሎኬት ነው ጭቃ? አንድም ቦታ አልጻፍከውም። ሥዕሉም አይለውም። ብሎን በጭቃ ግድግዳ የት ሊይዝ ነው? ፈረንጆቹ የሚያስሩት ግድግዳቸው ውስጥ ወፍራም እንጨት ወይም ኮንክሪት ስላለ ነው። እሱም ቢሆን በሚስማር ብቻ ያሰረ ሰው በረንዳው እንግዳ ሲሞላበት ተገንጥሎ ይወድቅበታል።

ሌላ። የተሰበረው ጣውላ የት ጋ ነው? ቆርቆሮው በረንዳውን ሁሉ ካልሸፈነ ከጠብታው ሥር ነው ብዬ እወራረዳለሁ።

ሞራሌው 5 በ7 መሆን አለበት። አቁመኸው ነው አስተኝተኸው? 2.40 ያለ መሃል ድጋፍ ካስኬድከው ሦስት ሰው ሲቆምበት ወደ ታች ይረግዳል፣ ይንቀጠቀጣል። 60 ለወፍራም ጣውላ ነው። ለባለ 2 ከግማሽ ሳንቲም ጣውላ 40 አድርገው።

ባለበረንዳው

ጋሼ ቱንቢ፣ ውርርዱን በልተዋል። ቆርቆሮው የበረንዳውን ግማሽ ብቻ ነው የሚሸፍነው፤ የተሰበረው ጣውላ በትክክል ከጠብታው መስመር ሥር ነው። ግድግዳውም ጭቃ ነው። በኖራ ስለተለሰነ ረስቼው ነበር ብል ታምኑኛላችሁ? ተወልጄ ያደግሁበት ቤት እኮ ነው!

ዛሬ ከሰዓት ሜትር ይዤ ወጣሁ፤ የጎረቤት ልጅ ጫፉን ያዘልኝ። 6.20 በ2.40 ትክክለኛ አራት ማዕዘን ቢሆን ሰያፉ 6.65 መሆን ነበረበት። አንዱ 6.71 ሆነ፤ ሌላው 6.58። ልጁን «በደንብ ያዝ» ብዬ ሦስቴ ለካሁ። ያው ነው። ባንድ በኩል 7 ሳንቲም ያህል ተንሻፏል። እንደ ሥዕሌ ቆርጬ ብገጥም ኖሮ የመጨረሻው ሞራሌ ግድግዳው ውስጥ ሊገባ ነበር፣ ወይ በዚያኛው ጫፍ እጅ የሚያስገባ ክፍተት ሊተው። ሽማግሌው ይኼን ከወረቀቱ ላይ እንዴት አየው? ሥዕሉ በጣም ትክክል ስለሆነ ይመስለኛል።

ሞራሌው... አፍሬ ነው የምጽፈው፤ አስተኝቼዋለሁ። ፕሮግራሙ ወርድ ሲለኝ 7፣ ቁመት ሲለኝ 5 ጻፍኩ፤ ዝም ብሎ ሣለልኝ። በየዓመቱ ክፍል ውስጥ የማስተምረውን ነገር! ቁመቱ በኩብ ስለሚባዛ ያው እንጨት 7ቱን ወደ ላይ ብታቆመው ተኝቶ ከነበረው ሁለት እጥፍ ያህል መርገድን ይቋቋማል። ርዝመቱን በግማሽ ስትቆርጠው ደግሞ ክብደቱ በላዩ እኩል የተሰራጨ ከሆነ መርገዱ 16 ጊዜ ይቀንሳል። ጋሼ «ይረግዳል» ባሉት በአንድ ቃል ውስጥ ይኼ ሁሉ ሒሳብ አለ።

ክብደቱንም አሰላሁት። አሜሪካኖቹ ለቤት በረንዳ በካሬ ጫማ 40 ፓውንድ ነው የሚይዙት፤ በካሬ ሜትር ወደ 200 ኪሎ መሆኑ ነው። የኔ 15 ካሬ ስለሆነ 3 ቶን ገደማ። ለቅሶ ቤት ሲሞላ አስቡት። ፕሮግራሙ ይኼን አይነግረኝም። ባሕር ዛፍ ይሁን ሸንበቆ ለሱ አንድ ነው። ሳጥን ነው።

ታዲያ ከግድግዳው ጋር ካልታሰረ በምን ይቆማል?

ቱንቢ

በራሱ እግር ይቆማል። ቤቱን አይነካውም። ከግድግዳው ሦስት ሳንቲም አርቀው፣ አየርም ይገባል።

ከሞራሌዎቹ ሥር ሦስት መስመር ተሸካሚ አድርግ። አንዱ ከግድግዳው ጠርዝ 20 ሳንቲም ገባ ብሎ፣ አንዱ መሃል፣ አንዱ ከፊት ጠርዝ 20 ገባ ብሎ። ሁለት ሁለት ሞራሌ በብሎን አጣምረህ። በየ1.50 ቋሚ። ቋሚውን አፈር ውስጥ እንዳትቀብር! አባትህ የቀበሩት ይመስለኛል፤ ምስጡም በዚያ ነው የወጣው። ጉድጓድ ቆፍረህ ኮንክሪት ሙላ፣ ከአፈሩ በላይ 15 ሳንቲም ይውጣ። በያጅ ዘንድ ሂድና እንደ ሹካ ያለ ብረት አሠራ። እግሩ ኮንክሪቱ ውስጥ ይገባል፣ አፉ ቋሚውን ይይዛል። ከዚያ ብሎን ከነሮንዴላው።

አሁን ሌላ ልጠይቅህ። ሰፈራችሁ እንጨት ቤት ጣውላው ስንት ሜትር ነው የሚሸጠው?

ባለበረንዳው

4 ሜትር ነው ጋሼ። ሞራሌውም 4። ጣውላው ሲላግ 14 ሳንቲም ወርድ ይቀረዋል።

ቱንቢ

ታዲያ 6.20 ምን ያደርግልሃል? አንድ ሙሉ ጣውላ፣ ከዚያ ከሌላው 2.20 ትቆርጣለህ። 1.80 ትርፍ ይቀርሃል። እሱ ለምንም አይሆንም፤ ማገዶ ነው። በረንዳውን 6 ሜትር አድርገው። 4 እና 2። ሁለተኛው ጣውላ ለሁለት ረድፍ ይበቃል። በየ40 ሞራሌ ካለህ ደግሞ 2 ሜትርም 4 ሜትርም ሞራሌ ላይ ነው የሚያርፉት። መጋጠሚያ አየር ላይ አይንጠለጠልም። እነዚያን ሁለቱን ሞራሌ ብቻ ጥንድ አድርጋቸው፣ የሁለት ጣውላ ጫፍ ስለሚያርፍባቸው።

የአዌቱ ማዶ (ጅማ)

እኔም የጅማ ልጅ ነኝ። ከሦስት ዓመት በፊት ከባሌ ጋር ያንኑ ሥራ ሠርተናል። ያቃጠለኝን ልንገርህ፣ ወንድሜ።

አንደኛ፣ የተቃጠለ ዘይት። ምስጥ ይከላከላል ብለው መከሩን፤ ከጋራዥ በጀሪካን አምጥተን ከላይም ከታችም ቀባነው። ምስጡን እንጃ። እኛን ግን አባረረን። ለወራት ሸተተ፣ የልጆቹ ልብስ ጠቆረ፣ በባዶ እግር የሚሄድበት የለም። በኋላ ሳነብ ለቆዳም መርዝ ነው፣ ዝናብ ሲያጥበው ደግሞ አፈሩ ውስጥ ይገባል። ሰው ለሚቀመጥበትና ለሚረግጠው እንጨት በፍጹም።

ሁለተኛ፣ በበጋ ደርቆ ኩርትም ያለውን ጣውላ ጥግ ለጥግ ገጥመን ሚስማር መታንበት። አንድ ወረቀት አያስገባም ነበር፤ ባሌ እያሳየ ይኮራል። ክረምት ሲገባ እንጨቱ ውሃ ጠጣ፣ አበጠ፣ መሄጃ ሲያጣ ወደ ላይ ተነሳ። መሃሉ እንደ ግመል ጀርባ ሆነ። ሚስማሩን እየነቀለ ወጣ። እንደገና አፍርሰን በ5 ሚሊ ክፍተት ነጠፍነው፤ ሚስማሩን ለክፍተት መለኪያ አደረግነው። በሥዕልህ ላይ ጣውላዎቹ ተጣብቀው ከሆነ አሁኑኑ ለያያቸው፤ የረድፉ ቁጥርም ይለወጥብሃል። እርጥብ ባሕር ዛፍ ከገዛህ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ሲደርቅ ይሸሻል፣ ይጠመዘዛልም። ጥላ ውስጥ በመሃሉ ቁርጥራጭ እያስገባህ ደርድረህ ከላዩ ድንጋይ ጫንበት። ለቋሚ ጥድ ካገኘህ እሱን ምስጥ ብዙም አይደፍረውም። ዋንዛ አለ የሚልህ ካለ ከየት እንዳመጣው ጠይቅ፤ ከደን የተቆረጠ ዋንዛ ጣጣ አለው።

ሦስተኛ፣ ከበረንዳ ሥር ማገዶ አታስቀምጡ። ጅማ ውስጥ ከበረንዳው ሥር ማገዶ፣ አሮጌ በር፣ የቡና ገለፈት የማያስቀምጥ ቤት አሳየኝ! ለምስጥ ድግስ ማለት ነው። ኮንክሪቱ ከአፈር ከፍ ያለበት ጥቅሙ ምስጥ በላዩ የጭቃ መንገድ ሠርቶ ሲወጣ ስለሚታይህ ነው። ከሥሩ በዕቃ ከሞላኸው ግን ማን ያየዋል?

ለእማማ ሰላምታ።

ባለበረንዳው

ሦስት ቀን ጠፋሁ፤ ፈተና እያረምኩ ነበር። ማታ ማታ ግን ሥዕሉን ከዜሮ ጀመርኩት። አሁን የጀመርኩት ከእንጨት ቤቱ ነው። መጀመሪያ 4 ሜትር የሆነ ሳጥን ሠራሁ፣ ስሙን «ጣውላ» አልኩት። ሌላው ሁሉ ከሱ ተቆረጠ። ቀጥሎ የተንሻፈፈውን ግድግዳ እንደተንሻፈፈ ሣልኩት፤ በረንዳው በራሱ ጥግ ቀጥ ብሎ ፊቱ ቆመ። በመሃላቸው ያለው ክፍተት ባንዱ ጫፍ 3፣ በሌላው ሰፋ ይላል። ከላይ ሲታይ ያስጠላል። እውነቱ ግን ያው ነው። እዚያ ጋ የአበባ ማሰሮ እደረድራለሁ፣ ማንም አያይም።

ዝርዝሩን አወጣሁት። 14 ሳንቲም ጣውላ ከ5 ሚሊ ክፍተት ጋር 17 ረድፍ ይሆናል፤ 2.46 ይመጣል፣ 6 ሳንቲሙ ከፊት ሞራሌው አልፎ ይወጣል። በ6.20 ቢሆን ለ17 ረድፍ 34 ጣውላ ያስፈልገኝ ነበር። በ6 ሜትር 26 ይበቃል። 20 ሳንቲም ስቀንስ 8 ጣውላ ቀረልኝ። ጋሼ ቱንቢ ይኼን በጭንቅላታቸው ሠርተውታል፤ እኔ ላፕቶፕ ይዤ ሁለት ሳምንት አላየሁትም።

ስለ ውሃው ደግሞ። የጅማ ዝናብ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 1 ሚሊ ሜትር በ1 ካሬ ላይ 1 ሊትር ነው። በበረንዳው በኩል የሚያዘነብለው ቆርቆሮ 40 ካሬ ያህል ስለሆነ በዓመት 60 ሺህ ሊትር ውሃ በአንዲት ጣውላ ላይ ስናፈስ ኖረናል ማለት ነው። ያቺ ጣውላ እስካሁን መቆየቷ ነው የሚገርመው። አሸንዳ ከሁሉ በፊት ይሰቀላል።

ፀሐዩንም አየሁት፤ ይኼ ፕሮግራም በዚህ ይመሰገናል። ሰሜንን ካሳየኸውና የጅማን ቦታ ከነገርከው የፈለግከውን ቀንና ሰዓት ጥላ ያወጣል። በረንዳችን ወደ ሰሜን ነው የሚያየው። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ የጅማ የቀትር ፀሐይ ከሰሜን በኩል ናት፤ ከዚያ በኋላ ወደ ደቡብ ታልፋለች። ስለዚህ በረንዳው ቀትር ላይ ፀሐይ የሚያገኘው በዝናቡ ወራት ነው፤ እሷ ብቅ ካለች። በበጋ ጥላ ነው። አባቴ በጥር ቀትር እዚያ የሚተኛው ለካ በምክንያት ነበር።

ከዚያ ላፕቶፑን ለእማዬ አሳየኋት። ዝም ብላ ስታይ ቆየች። «ከሰሉ የት ነው?» አለችኝ።

አላሰብኩትም። ጭራሽ! በቀን ሁለት ጊዜ ቡና የሚፈላበት በረንዳ ላይ፣ ምድጃ ከነፍሙ ደረቅ ጣውላ ላይ ሊቀመጥ። ድሮም እኮ ቆርቆሮ አንጥፋ ነበር የምታፈላው፤ ቆርቆሮው ሥር ያለው እንጨት ጥቁር ነው። ምን ላድርግላት?

ሩብ ካሬ

እማማ ከኔ የተሻሉ አርክቴክት ናቸው። ለደንበኛ ስሥል የመጀመሪያ ጥያቄዬ «እዚህ ምን ታደርጋላችሁ?» ነው፤ አንተን ሳልጠይቅህ ሶፋህን ሳስወጣ ከረምኩ።

ከፊት በኩል አንዱን ጥግ ከእንጨቱ አውጣው። 45 ሳንቲም ከፍታ ያለው ጫፍ ይሻላል፣ ሙሌቱ ትንሽ ነው። 1.20 በ1.20 በድንጋይ ተገንብቶ ከላይ ሲሚንቶ ወይም ሸክላ ይነጠፍ። 1.20 ያልኩህ ሦስት የሞራሌ ክፍተት ስለሆነ ነው፤ መሃል ተሸካሚህም እዚያው ላይ ነው። ጣውላው ድንጋዩ ጋ ሲደርስ ይቆማል። ጭሱም ከጭቃው ግድግዳና ከበሩ ይርቃል።

ቱንቢ

ጥሩ ብላለች። የፊቱን ተሸካሚ ጫፍ ድንጋዩ ላይ አሳርፈው፤ አንድ ጉድጓድ ተረፈህ። እንጨቱ ድንጋዩን በሚነካበት ቦታ ላሜራ ጣልበት፣ ድንጋይ ውሃ ይይዛል።

ደረጃውን ለእናትህ አስብ። በየት ነው የሚወጡት?

ባለበረንዳው

ደረጃው በ70ው ጫፍ ነበር የነበረው፤ መንገዱ እዚያ ስለሆነ። 4 እርከን፣ እያንዳንዱ 17 ከግማሽ። መጽሐፍ ላይ ያለው ልክ ነው፤ የእማዬ ጉልበት ግን መጽሐፍ አላነበበም። ወደ 45ቱ ጫፍ አዞርኩት፣ ከምድጃው ጎን ከግድግዳው በኩል። 3 እርከን፣ እያንዳንዱ 15። አምስት እርምጃ ዞራ ትምጣ እንጂ ትንፋሿ ይተርፋል።

ከፍ ባለው በኩል 1 ሜትር አጥር አለ። የተሸካሚዎቹን ሞራሌ 3 ሜትር ስቆርጥ የሚተርፈው 1 ሜትር ቁራጭ ለአጥሩ ቋሚ ሆነ። በመሃሉ ያለው ክፍተት ከ10 ሳንቲም እንዳይበልጥ አድርጌዋለሁ፤ የእህቴ ልጅ ጭንቅላቱን የማያስገባበት ቀዳዳ የለም።

አዲሱን ሥዕል ይዤ ሽማግሌው አናጢ ዘንድ ተመለስኩ። በዚህኛው አልሳቀም። የተንሻፈፈውን ግድግዳ በጣቱ ተከተለውና «አሁን አወቅሁት፣ የአባትህ ቤት ነው» አለ። ለካ በወጣትነቱ እዚያ በረንዳ ላይ ቡና ጠጥቷል። ቅዳሜ መጥቶ ሲባጎውን አብሮኝ ሊወጥር ተስማማን። ዋጋ ስጠይቀው «ቡና አለ?» ነው ያለው።

የመጨረሻው ሥዕል ከታች አለ። 14 ጉድጓድ፣ 26 ጣውላ (ከምድጃው ጥግ የሚተርፈው ለደረጃው ይሆናል)፣ አንድ የድንጋይ ጥግ። ሶፋው ወጥቷል፣ እህቴ ሩብ ካሬ። በቦታው የአባቴን በርጩማ አስገብቻለሁ። ፕሮግራሙ የጅማ በርጩማ የሚባል ዕቃ የለውም፤ አንድ ወፍራም ሲሊንደር አስተኝቼ ሦስት ቀጫጭን ሲሊንደር አጋድሜ እግር ሠራሁለት። ሲያስቸግረኝ አመሸ። አባቴ በሚቀመጥበት ቦታ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ።

ቱንቢ

አየሁት። ልጄ አጉልታ አሳየችኝ። ጉድጓዶቹ ልክ ናቸው። አሸንዳው ልክ ነው። ደረጃውን ወድጄዋለሁ።

በርጩማው ግን ረዘመብኝ። ከአጥሩ ግማሽ በላይ ሆኗል። ለካኸው?

ባለበረንዳው

አልለካሁትም፣ ጋሼ። ሜትሩን ይዤ ልውጣ።